ስለ ራስ ምታት፤ ዓይነቱን ለይቶ የማወቅና የማከም ነገር

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በሕይወት ዘመኑ አንድ ቀን እንኳ ራሱን ታሞ የማያውቅ ሰው ይገኛል ብሎ ለመናገር ያስቸግራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ. ም. ልዩ ልዩ የራስ ምታት ሕመም ያጠቃቸው ሰዎች ቍጥር 3.1 ቢሊዮን ያህል ነበር፤ ይህም ከዓለም ሕዝብ ከመቶው 40 የሚያህለው ነው። ሕመሙ ሁሉን የሚጐበኝ በመሆኑም ሰው ሁሉ ለምዶት ይንቀዋል። ግንባሩን በሻሽ ጠፍሮ ያስራል፤ ቡና ይጠጣል፤ ዳማ ከሴ አሽቶ ያሸታል፤ ይህ ሁሉ ያልሆነለት እንደ ሆነ ከባለሱቅ ዘንድ ሁለት ፍሬ ኪኒን ገዝቶ ይውጣል። አብዛኛውን ጊዜም ሕመሙ ይለቀዋል።

ይሁን እንጂ ከዚሁ ልማድ ሁለት ብርቱ ጕዳቶች ይደርሳሉ። አንደኛው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ የሚገባው ሕመምተኛ «ራስ ምታት ብቻ ነው፤ ይለቀኛል» እያለ በቤቱ ተኝቶ የሚድንበትን ሰዓት ማሳለፉ ነው። ሁለተኛው፣ የማይገድል ነገር ግን የሚመላለስ ሕመም ያለበት ሰው በየቀኑ ኪኒን እየዋጠ፣ ሕመሙን የሚያጠፋ መስሎት የሚያበዛው መሆኑ ነው። የሁለቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው፤ ይኸውም ራስ ምታትን አንድ በሽታ አድርጎ መቍጠር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ራስ ምታት የብዙ ሕመሞች የጋራ ስም ነው። ስለዚህ ከመድኃኒቱ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ይህ የትኛው ራስ ምታት ነው?» የሚል ነው። የዛሬው ንግግራችንም ዓላማ አንባቢው ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ እንዲችል ሐኪሞች ያረጋገጡትን በአጭሩ ለማስረዳት ነው።

የሚያመው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ራሱን ሲያመው አንጎሉ የታመመ ይመስለዋል። ነገር ግን አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ ሕመምተኛው ነቅቶ እየተናገረ አንጎሉን ለመንካት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሕመም የሚሰማቸው አንጎልን የሸፈኑት ስሶች ሽፋኖች፣ ትላልቆቹ የደም ሥሮች፣ እንዲሁም ከራስ ቅል ውጭ ያሉት ጡንቻዎችና ቆዳ ናቸው። ከፊትና ከግንባር በኩል ያለውን የሕመም ወሬ ሰብስቦ ወደ አንጎል የሚያደርሰው አንድ ትልቅ ነርቭ ሲሆን፣ ከአንገት የሚመጡት ነርቮችም ከእርሱ ጋር በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ። ማጅራት ተይዞ ሳለ ግንባር የሚጠዘጥዘው ስለዚህ ነው።

ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ዓ. ም. የሕመሙን ዓይነቶች ለይቶ የሚመድብ መዝገብ አወጣ፤ የዚሁም መዝገብ ሦስተኛ እትም በ2018 ዓ. ም. ታትሟል። በዚህ መዝገብ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል ራስ ምታቱ ራሱ በሽታው ነው። በሁለተኛው ክፍል ግን ራስ ምታቱ ሌላ በሽታ ወይም ሌላ ምክንያት የላከው መልእክተኛ ነው። መልእክተኛን ደብድቦ ማባረር የላከውን እንደማያስቀር ሁሉ፣ በሁለተኛው ክፍል ያለውን ሕመም በኪኒን ዝም ማሰኘት ብቻውን ጥቅም የለውም።

ራሱ በሽታ የሆነው ራስ ምታት

ከዚህ ክፍል በብዛቱ አንደኛ የሆነው የውጥረት ራስ ምታት የተባለው ነው። ይህ ሕመም የራስን ሁለት ወገን ይይዛል፤ ጠባብ ቆብ እንደ ደፋ ሰው ዙሪያውን ሰቅዞ ይይዛል እንጂ እንደ ልብ ምት ትር ትር አይልም። ከግማሽ ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰባት ቀን ድረስ ሊቈይ ይችላል። ሰውየው ሲራመድ ወይም ደረጃ ሲወጣ አይብስበትም፤ ትውከትም አያስከትልበትም። ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ የሚሠራ ሸማኔ ወይም ጸሐፊ፣ ሌሊቱን ዕንቅልፍ ያጣ አስታማሚ፣ ዐሳብ የበዛበት ነጋዴ ሕመሙን ያውቁታል። ከሥራው መካከል ተነሥቶ አንገትንና ትከሻን ማፍታታት፣ ውሃ መጠጣት፣ በቂ ዕንቅልፍ መተኛት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። መድኃኒት ያስፈለገ እንደ ሆነ፣ ለአካለ መጠን ለደረሰ ጤነኛ ሰው ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ መዋጥ ይቻላል፤ ነገር ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ሚሊግራም፣ ይኸውም ከስምንት ፍሬ፣ ማለፍ ጕበትን የሚጐዳ ስለ ሆነ ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛው ማይግሬን የሚባለው ነው። ስሙ የመጣው «የራስ ቅል ግማሽ» የሚል ትርጕም ካለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ስመ ጥሩው ሐኪም ጋለን የተጠቀመበት ቃል ነው። ያገራችንም ሰው «ራሴን ፈለጠኝ» ሲል ከዚሁ ሐሳብ የራቀ አይደለም። ከሰባት ሰዎች አንዱን ያህል የሚይዝ ሲሆን፣ ሴቶችን ከወንዶች ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። ካልታከመ ከ4 ሰዓት እስከ 72 ሰዓት ይቈያል። ብዙ ጊዜ አንዱን ወገን ይይዛል፤ ከልብ ምት ጋር ትር ትር ይላል፤ መንቀሳቀስ ያብሰዋል። ከዚህም ጋር ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይመጣል፤ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። በአንዳንዶቹ ላይ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ከ5 ደቂቃ እስከ 60 ደቂቃ በዐይናቸው ፊት ብልጭልጭታ ወይም እንደ መጋዝ ጥርስ የተጠማዘዘ መስመር ይታያቸዋል፤ ከእጅ ጀምሮ ወደ ፊት የሚወጣ መደንዘዝም ይሰማቸዋል።

ይህን ሕመም ለመለየት የደም ምርመራም ሆነ የራጅ ፎቶግራፍ አይረዳም። ሐኪሞች ግን ሦስት አጫጭር ጥያቄዎችን ይጠይቃሉ፤ ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ራስህን ሲያምህ አቅለሽልሾህ ነበርን? ብርሃን አስቸግሮህ ነበርን? ሕመሙ ቢያንስ ለአንድ ቀን ከሥራህ ወይም ከትምህርትህ አስቀርቶህ ነበርን? ከሦስቱ ሁለቱን «አዎን» ብሎ የመለሰ ሰው ሕመሙ ማይግሬን የመሆኑ ነገር በጣም የሚያመዝን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። በየጊዜው «ሳይነስ አለብኝ» እያሉ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች፣ በሐኪም በሚገባ ሲጠየቁ ሕመማቸው ማይግሬን ሆኖ ይገኛል። ማይግሬን ራሱ አፍንጫን ሊያፍንና ዕንባን ሊያወርድ ስለሚችል መሳሳቱ አያስደንቅም፤ ነገር ግን የተሳሳተ ስም የያዘ ሕመም የተሳሳተ መድኃኒት ይጠጣል።

ለማይግሬን የመጀመሪያው ምክር መድኃኒቱን ሕመሙ እንደ ጀመረ መውሰድ ነው። ዘግይቶ የተዋጠ ኪኒን ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ሕመሙ የጨጓራን ሥራ ያዘገየዋልና። አካለ መጠን ለደረሰ ሰው ከ900 እስከ 1000 ሚሊግራም አስፕሪን ወይም 400 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን ይሰጣል፤ ከዚያም ጸጥ ባለ ጨለማ ክፍል መተኛት ነው። አስፕሪን ለገበያ የቀረበው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ. ም. ነው፤ ሕመምን እንዴት እንደሚያስታግሥ የታወቀው ግን በ1971 ዓ. ም. እንግሊዛዊው ጆን ቬን ባደረጉት ምርምር ነው፤ ለዚሁም ሥራቸው በ1982 ዓ. ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። የጨጓራ ቍስል ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም አስፕሪን አይሰጥም።

እነዚህ ያልበቁለት ሰው ትሪፕታን የሚባሉትን፣ ለማይግሬን ብለው የተሠሩትን መድኃኒቶች ሐኪም ሊያዝለት ይችላል፤ የመጀመሪያው ሱማትሪፕታን በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ. ም. የወጣ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን አይወስዳቸውም። ሕመሙ በወር ከአራት ቀን በላይ የሚመላለስ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ሕመም ኖረም አልኖረም በየቀኑ የሚወሰድና ድግግሞሹን የሚቀንስ መከላከያ አለ። ለዚህም ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን የተባሉት፣ ዋጋቸውም ያልተወደደ፣ ብዙ ዘመን የተፈተኑ መድኃኒቶች ናቸው፤ ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አይሆንም። ኤድቪንሰን፣ ጎድስቢ፣ ሞስኮዊትስና ኦሌሰን የተባሉ አራት ሊቃውንት የማይግሬንን ሕመም የሚያነሣሣውን የነርቭ ንጥረ ነገር በመመርመር ለአዳዲስ መድኃኒቶች መንገድ ስለ ከፈቱ፣ በ2021 ዓ. ም. ታላቁን የአንጎል ምርምር ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ማይግሬን የሰነፍ ሰበብ ነው፣ የሴት ቅምጥልነት ነው እየተባለ ብዙ ሕመምተኞች ታምተዋል። ሕመሙ ግን በነርቭ ውስጥ የሚታይ፣ የሚመዘን፣ የሚታከም እውነተኛ በሽታ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ነገር ግን ከሁሉ የከፋው ነው። በአንድ ዐይን ዙሪያ ብቻ እንደ ጋለ ብረት ይወጋል፤ ዐይኑ ይቀላል፤ ያነባል፤ በዚያው ወገን ያለው አፍንጫ ይታፈናል። ከ15 ደቂቃ እስከ ሦስት ሰዓት ቈይቶ ይለቃል፤ በቀን እስከ ስምንት ጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሰዓቱን ጠብቆ ሌሊት ይቀሰቅሳል። የማይግሬን ሕመምተኛ ጸጥ ብሎ መተኛትን ሲመርጥ ይህኛው ግን ተቀምጦ መቈየት አይችልም፤ ይንጐራደዳል። ወንዶችን ከሴቶች ይልቅ ይይዛል። ኪኒን እስኪሠራ ድረስ ሕመሙ ስለሚያልፍ የሚረዳው በሐኪም ቤት በጭንብል የሚሰጥ ንጹሕ ኦክሲጅን ወይም የሱማትሪፕታን መርፌ ነው።

መልእክተኛ የሆነው ራስ ምታት

ከቀላሉ እንጀምር። ቡና የለመደ ሰው ቡናውን ባቋረጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊያመው ይችላል፤ ቡና ሲጠጣ ይለቀዋል፤ ፈጽሞ የተወ እንደ ሆነም በሰባት ቀን ውስጥ ይጠፋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምሱ፣ በረመዳንም እስከ ማምሻው የሚጾሙ ወገኖቻችን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚሰማቸው ሕመም ከረኃቡና ከውሃ ጥሙ ጋር የዚሁ ውጤት ነው። ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ስኒውን ቀስ በቀስ የቀነሰ ሰው ይህን ሕመም ያቃልላል።

ብርድ በበዛበት የክረምት ሌሊት የከሰል ማንደጃ አግብቶ በሩን ዘግቶ የሚተኛ ቤተ ሰብ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ያገኘዋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ መልክም ሽታም የለውም። መጀመሪያ የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ ቀጥሎ ዕንቅልፍ ይመጣል፤ ከዚያ ዕንቅልፍ የማይነሡ ብዙዎች ናቸው። ምልክቱ ይህ ነው፤ በአንድ ቤት ያሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ይሻላቸዋል። ይህን ያየ ሰው ኪኒን አይፈልግ፤ ሰዎቹን ሁሉ ወደ ንጹሕ አየር ያውጣ፤ ወደ ሐኪም ቤትም ያድርሳቸው።

ትኵሳት ያለበት ራስ ምታት ሌላው ነው። በልማድ «ምች መታው» ተብሎ በዳማ ከሴ የሚታጠነው ሕመምተኛ ወባ ወይም ተስቦ ይዞት ሊሆን ይችላል። ዳማ ከሴውን የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን ወባ ባለበት አገር የደም ምርመራው ከዚያው ቀን ሊያልፍ አይገባም። አንገቱ ገትሮ አገጩን ወደ ደረቱ ማድረስ ያቃተው፣ ብርሃን ያስጠላው፣ አእምሮውም የሚዋዥቅ ሕመምተኛ ቢሆን ግን የሚያስፈራው ማጅራት ገትር ነው። አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። ይህ በሽታ በአንድ ቀን ውስጥ የሚገድል ስለ ሆነ፣ እዚህ ላይ የሚቈጠረው ሰዓት እንጂ ቀን አይደለም።

ከዚህ ሌላ፣ ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ የታየበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ሊሄድ ይገባዋል።

1ኛ፤ እንደ መብረቅ ድንገት መጥቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከመጨረሻው ደረጃ የደረሰ፣ «እንዲህ ያለ ከቶ አይቼ አላውቅም» የሚያሰኝ ሕመም፤ በአንጎል አካባቢ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል።

2ኛ፤ ከእጅና ከእግር መስነፍ፣ ከአፍ መጣመም፣ ከንግግር መተሳሰር ወይም ከሚጥል ሕመም ጋር የመጣ ራስ ምታት።

3ኛ፤ ራሱን ከተመታ ወይም ከወደቀ በኋላ እየበረታ የሚሄድ ሕመም፤ በሽማግሌዎች ላይ ከሳምንታት በኋላም ሊከሠት ይችላል።

4ኛ፤ ከአምስተኛው ወር በኋላ ያለች ነፍሰ ጡር ወይም በቅርቡ የወለደች እናት የሚሰማት ብርቱ ራስ ምታት፤ ይልቁንም ዐይኗ ከፈዘዘ ወይም ፊቷ ካበጠ።

5ኛ፤ ዕድሜው ከ50 ዓመት ካለፈ በኋላ አዲስ የጀመረ ሕመም፤ ከዚህም ጋር ጆሮ ግንዱ ሲነካ የሚያመውና ሲያኝክ መንጋጋው የሚዝል ከሆነ፣ የዐይኑ ብርሃን በቀኖች ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

6ኛ፤ የሰውነቱ የመከላከል ኃይል በደከመ ሰው ላይ ለብዙ ቀን የማይለቅ ወይም ከሳምንት ሳምንት እየባሰ የሚሄድ ሕመም።

ስለ ደም ግፊትም አንድ ቃል እንጨምር። ሕዝቡ ራሱን ሲያመው «ደሜ በዛ» ይላል። ነገር ግን ግፊቱ ከ180 በ120 ያህል እስኪደርስ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ራስ ምታት አያመጣም። ስለዚህ ራሱን ያላመመው ሰው ግፊት የለብኝም ብሎ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ራሱን ያታልላል። ግፊት በመሣሪያ ይለካል እንጂ በራስ ሕመም አይታወቅም።

ኪኒኑ ራሱ ያመጣው ራስ ምታት

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት እንመለስ። ራሱን የሚያመው ሰው መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ኪኒን ይውጣል። ቀጥሎ በሦስት ቀን አንዴ፤ ከዚያ እንዳያመኝ ብሎ ጧት ከቤቱ ሳይወጣ። ኪኒኑ የሚሠራበት ጊዜ ሲያልፍ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሕመሙ ሲመለስ ሌላ ይዋጣል። ሐኪሞች ይህን በመድኃኒት ብዛት የመጣ ራስ ምታት ይሉታል። ቀድሞ የራስ ምታት ልማድ ያለው ሰው፣ ተራውን የሕመም ማስታገሻ በወር 15 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታንን፣ ኮዴይንና ትራማዶልን የመሳሰሉትን፣ ወይም ሁለትና ሦስት መድኃኒት ከካፌን ጋር የተደባለቀበትን ኪኒን ደግሞ በወር 10 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እየወሰደ ከሦስት ወር ያለፈ እንደ ሆነ፣ ሕመሙ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቀመጥ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ የሚቈጠረው የኪኒኑ ብዛት ሳይሆን የቀኑ ብዛት ነው። በአንድ ቀን አራት ፍሬ ከመዋጥ ይልቅ በየቀኑ አንድ አንድ ፍሬ መዋጥ ወደዚህ ሕመም ያደርሳል። መድኃኒቱም ኪኒኑን መተው ነው። በመጀመሪያዎቹ ከሁለት እስከ አሥር ቀኖች ሕመሙ ይብሳል፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ይህን የታገሠ ግን በሚቀጥሉት ሳምንታት እየቀለለው ይሄዳል። ተራውን ማስታገሻ በአንድ ጊዜ ማቆም ይቻላል፤ ኮዴይንና ትራማዶልን የለመደ ግን በሐኪም እየተመራ ቀስ በቀስ ይተው። ከዚህ ሁሉ የሚጠብቀው ሕግ አጭር ነው፤ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የራስ ምታት ኪኒን የሚያስፈልገው ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ኪኒን ሳይሆን ሐኪም ነው።

ወደ ሐኪም ምን ይዘን እንሂድ?

ከሁሉ የሚበልጠው የራስ ምታት መመርመሪያ መሣሪያ የሕመምተኛው ቃል ነው። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው «ራሴን ያመኛል» ብሎ ብቻ ዝም አይበል። በትንሽ ደብተር ለአንድ ወር ይጻፍ፤ ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት፣ የያዘውን ወገን፣ የቈየበትን ጊዜ፣ ማቅለሽለሹንና ብርሃን መጥላቱን፣ ከዚያ በፊት የበላውን፣ የተኛውን፣ የዋጠውንም ኪኒን። ሴቶች የወር አበባቸውን ቀን ይጨምሩበት። መጻፍ የማይችል ሰው በሁለት ጣሳ ቢጠቀም ይበቃዋል፤ ራሱን ባመመው ቀን በአንዱ አንድ ፍሬ ባቄላ፣ ኪኒን በዋጠበት ቀን በሌላው አንድ ፍሬ በቆሎ ይጣል። በወሩ መጨረሻ ሁለቱን ጣሳ ይዞ የቀረበ ሕመምተኛ፣ ብዙ ምርመራ ሊነግረው የማይችለውን ለሐኪሙ ነግሮታል።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። በራስ ምታት ነገር ብዙዎቻችን ሕመማችንን የምንሸሽገው ዝም በማለት ሳይሆን ኪኒን በመዋጥ ነው። ከእንግዲህ ወዲህ ራሳችንን ባመመን ጊዜ፣ ወይም ከቤታችን አንዱ «ራሴን» ባለ ጊዜ፣ ወደ ሱቅ ልጅ ከመላካችን በፊት ለአንድ አፍታ እንጠይቅ፤ እንዴት ጀመረ? የት ላይ ነው? ትኵሳት አለን? በዚህ ወር ስንተኛው ነው? ጥያቄው ገንዘብ አይፈጅም፤ ከመልሱ ግን የሰው ሕይወት ሊተርፍ ይችላል።